ሹፌሩን ጠይቂው

እሑድ፣ ጥር 12

ምሳ እነ እማዬ ቤት። በሩን ገና ስገፋው አባዬ ከውስጥ «ሬዲዮ ተከፈተ፣ ዝም በሉ» አለ። እንደ ሁልጊዜው። ሁሉም ሳቀ፣ ወንበር ተሳበልኝ። እኔ ካልገባሁ እዚያ ቤት ጨዋታ አይሟሟቅም… ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝም ስሜ ሬዲዮ ነው። አልተሳሳቱም። የምኖረውም በዚሁ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በምሠራበት መጽሔት ላይ አንድ ገጽ፣ የሰው ቤት ጉድ፣ ስም ሳይጠራ።

የዛሬው ወሬ የእኔ ምራቅ ነበር። አለቃዬ የዲኤንኤ ምርመራ ዕቃ ሰጥቶኛል። «ተመርመሪ፣ የጠፋ ዘመድ ፈልጊና ጻፊልን» ብሎ። ቱቦው ውስጥ ትተፊያለሽ፣ በፖስታ ትልኪያለሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ዘመዶችሽ ድረ ገጽ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁሻል። ትርፍ ቱቦዎችም ይዤ ሄድኩ።

የአክስቴ ልጅ ፋርማሲስቱ ደስታውን አልቻለውም። የአባዬ እህት ልጅ ነው፤ የዘር ሐረግ የሚባል በሽታ ይዞታል። እሱ አምና ተመርምሯል፤ ሁለት የአባዬን የአጎት ልጆችም አባብሎ አስተፍቷቸዋል።

አባዬን ጠየቅነው። «የእኔ ምራቅ መንገድ ላይ ነው ያለቀው» አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ አቧራ የዋጠ ሰው… ሳቅን። እማዬ ደግሞ «ዘመድ ምን ጎደለኝ? ያሉትን አብልቼ መች ጨረስኩ» አለች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ አንዱን ቱቦ በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። «ምራቄን የሚያየው ሰውዬ ግን ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጠየቀች።

ታላቅ ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ዳኛው ነው የምንለው፤ ዳኛ ሆኖ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠብ ባየበት ሁሉ መሐል ገብቶ ስለሚፈርድ። መሥሪያ ቤቱ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። «ሥራ ፈቶች» አለና ሳህኑን ገፋ። ከልጆቹ አንዱ አስቸግሮት ይሆናል።


ሰኞ፣ ጥር 13

ተፋሁ። አፍ ያለው ሰው ምራቅ ሲያጥረው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ውጤቱ መጣ። ቢሮ ከፈትኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ደግሜ ከፈትኩት።

ከሁሉም በላይ «ሰማያዊ ጃንጥላ» የምትባል ሴት። ሃያ አምስት በመቶ እንጋራለን ይላል። ከእሷ ሥር ፋርማሲስቱ፣ አሥራ ሁለት። ከዚያ ሁለቱ የአባዬ የአጎት ልጆች። ከዚያ ወዲያ ባዳ…

ለፋርማሲስቱ ደወልኩ። ደንበኛ ፊት ነበር። «ቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ሸኝቶ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ሃያ አምስት ማለት በአንድ ወገን ብቻ የምትገናኝሽ እህት ልትሆን ትችላለች። ወይ የወንድም ልጅ። ወይ አክስት። ወይ አያት።»

«ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው።»

«እንግዲያው አያትሽ አይደለችም።»

የወንድም ልጅ? እኛ ሁለት ነን፣ እኔና ዳኛው። እሱ ያን ጊዜ ተማሪ፣ ከደብተሩ ቀና ብሎ ሴት የማያይ፣ ካልሲውን ተኩሶ የሚለብስ… ሳቅሁ። ተውኩት።

ድረ ገጹ ላይ ሁለታችሁንም የሚዛመዱ ሰዎች የሚወጡበት ቦታ አለ። ጃንጥላንና እኔን አስገባሁ። ማን ወጣ? ፋርማሲስቱ። ሁለቱ የአጎት ልጆች። ሁሉም የአባዬ ወገን። ከእማዬ ወገን አንድ ሰው የለም። በቃ… የአባዬ ልጅ ናት። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

ፋርማሲስቱ ግን አልተዋጠለትም። «ከእኔ ጋር ስድስት በመቶ ብቻ ናት። አንቺ አሥራ ሁለት ነሽ። የአጎቴ ልጅ ከሆነች እንዳንቺው መሆን ነበረባት።»

«ደም በሚዛን አይታደልም» አልኩት። «ለአንዱ ይበዛል፣ ለአንዱ ያንሳል።»

«እሱስ አለ… ግን ግማሽ ያህል?» ሌላ ደንበኛ ሳል ይዞት ገባ፤ ዘጋሁት።

አባዬ። የእኔ አባዬ።


ዓርብ፣ የካቲት 15

ጃንጥላ መለሰችልኝ። ረጅም መልእክት። እዚህ ልገልብጠው።

«እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴን አላውቅም። ልጅ እያለሁ አልፎ አልፎ በራችን ላይ የጭነት መኪና ይቆም ነበር። ሹፌሩ ዱቄት ያወርድልናል፣ ለእኔ የትምህርት ቤት ጫማ ያመጣል። የእግሬን ልክ ሁልጊዜ ያውቀዋል። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይሄዳል። እናቴን አባቴ ማን ነው ስላት ‹ሹፌሩን ጠይቂው› ትለኛለች። አፈርኩ። ሳልጠይቀው መምጣቱን ተወ።»

መኪናው ምን ዓይነት ነበር አልኳት።

«አረንጓዴ። በሩ ላይ ነጭ ወፍ ነበረች፣ አንድ እግሯ ከሌላው የሚረዝም።»

ያቺን ወፍ የሳልኳት እኔ ነኝ። በስምንት ዓመቴ፣ ከአጥር የተረፈ ቀለም ለምኜ። አባዬ በሩን ሲያሳድስ እንኳ ዙሪያውን ነው ያስቀባው… ወፌን ይዞ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር።


ቅዳሜ፣ የካቲት 16

አየኋት። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል መስታወት እየሞረደች፣ ልብሷ ላይ ነጭ ዱቄት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጨበጠችኝ። ሰማያዊው ጃንጥላ እውነትም አለ፤ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል።

ፊቷ ላይ አባዬን ፈለግሁ። የፈለገ ያገኛል… ግንባሯ የአባዬ። ቅንድቧ የአባዬ። ጆሮዋ የእማዬን ይመስላል ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

«እህቴ ልበልሽ?» አለችኝ።

«በዪኝ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር በጭንቅላቴ መጣ።


ረቡዕ፣ የካቲት 20

ውሃ በአፌ ይዤ አራት ቀን። ከዚህ በላይ አልችልም። ለዳኛው ቢሮው ሄጄ ነገርኩት።

የስቴፕለሩን አፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀጥሎ «ለማን ለማን ነግረሻል?»

«ላንተ ብቻ። ለፋርማሲስቱም።»

«ተዪው። ሽማግሌ ሰው ነው። ምን ይጠቅማል?»

«እማዬስ ሰው አይደለችም? ስልሳ ዓመት ልብሱን አጥባ…»

መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ፊቱን አላየሁትም። «መናገርሽ ካልቀረ ሁላችንም ባለንበት ይሁን። ነገሩን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ አትጩኺ» አለ።

ደግ ሰው ነው አልኩ። ብያለሁ፣ እዚሁ ይጻፍ።


እሑድ፣ መጋቢት 1

እንዴት እንደምጽፈው…

ፓስታው ሳይነካ ቀረ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። አረንጓዴው መኪና፣ ዱቄቱ፣ ጫማው፣ ወፏ። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። አልካደም። የካደ ቢሆን… አልካደም።

እማዬ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«ሠላሳ ስምንት።»

ወደ ኋላ ስታስብ አየኋት። ሦስተኛዋ ልጇ በሆዷ የሞተችባት ዓመት ነው። ሆስፒታል ተኝታ፣ አባዬ መንገድ ላይ ነበር ሲባል። «የጀርባ ክፍሏ ተከራይ» አለች ቀስ ብላ። «ታይፕ የምትማረዋ። ሳትሰናበተኝ የሄደችው። ሾርባ ሠርቼ የማበላት…» ወደ አባዬ ዞረች። «አንተ ነህ በመኪናህ የወሰድካት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

አክስቴ እንኳ አፏ ተያዘ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን እንደ ስብሰባ መሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «አባዬ፣ ይቅርታ መጠየቅ አያሳንስም። ጠይቃትና ይለቅ» አለ።

አባዬ አየው። እንዲህ አድርጎ ሰው ሲያይ አይቼው አላውቅም፣ ረጅም መንገድ እንደሚያይ ሰው። ማፈሩ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ «ይቅር በዪኝ» አለ።

ሌላ ቃል የለም።

እማዬ ተነስታ አንድ ሳህን ማጠብ ጀመረች። አጠበችው፣ አጠበችው፣ አጠበችው። «ሻንጣዬን አውርጂልኝ» አለችኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 5

እማዬ እኔ ጋ ናት። የድሮ መጽሔቶች የተከመሩባትን ክፍል ባዶ አድርጌ አልጋ አስገባሁላት። አታወራም። ዳቦ ስትቆርጥ ግን ዳሩን ለብቻ ታስቀምጣለች፣ አባዬ ዳሩን ስለሚወድ። ታየውና መልሳ ራሷ ትበላዋለች፣ በንዴት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «ይሄ እንኳን አንባቢን አዟሪውንም ያስለቅሳል።»

ጻፍኩት። ስም አልጠራሁም። ሹፌር አልኩ። አረንጓዴ መኪና አልኩ። ነጭ ወፍ፣ አንድ እግሯ የሚረዝም…


ሰኞ፣ መጋቢት 16

ጽሑፉ ወጥቷል። ስልኬ አላርፍ አለ። አንዲት አንባቢ «ባሌን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ» አለችኝ። ለአለቃዬ ሙገሳ ነው። ለባልየው ግን?

ከሥራ ስመለስ የአባዬ ፀጉር አስተካካይ ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ። መጽሔቱን ለደንበኞቹ ሁልጊዜ ይገዛል። ቅዳሜ ዕለት አንዱ ተራ ጠባቂ ጮክ ብሎ ሲያነብ አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ። ሰዉ እየሳቀ፣ እየተሳደበ ይሰማል። ወፏ ላይ ሲደርስ ሱቁ ጸጥ አለ። ያቺን ወፍ በሰፈሩ የማያውቃት የለም።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ግራ በኩል ቀርቷል፣ ጨርሰው› አለኝ። ጨረስኩለት። አመስግኖ ወጣ።» ምላጩን እየጠረገ ቆየና «እኔ ይሄን ይዤ ስንት ዘመን ኖርኩ። ሰው አድምቼ አላውቅም» አለ።

ስም አልጠራሁም ልበለው?


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

አባዬ ጋ ሄድኩ፣ ምግብ በድስት ይዤ። በሩን ግማሽ ከፍቶ ድስቱን ተቀበለኝ። በትከሻው በኩል ወጥ ቤቱ ይታያል፤ መደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሹካ። የእማዬ ሽርጥ ከነመስቀያው እንደተንጠለጠለ።

«እናትሽ መድኃኒቷን ትውጣለች?»

«ትውጣለች።»

«የጠዋቱን ትረሳለች። ከሻዩ አጠገብ አድርጊላት።»

አዘንኩለት። እንደገና ደግሞ ተናደድኩ። «አባዬ፣ ለምንድን ነው የማትናገረው? የሆነውን ንገረንና ይውጣልን።»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለ።

ዘጋው። ሳይመናጨቅ፣ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ።

መቼ ጠየቅሽኝ? ምን ማለቱ ነው… የምን ማምለጫ ነው?

ሬዲዮ አላለኝም።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

አክስቴ ደወለች። ያን ቱቦ ከዚያ ጉድ ማግስት ተፍታበት ልካው ኖሯል፣ «የእኛ ወገን ንጹሕ መሆኑ ይታይ» ብላ። ዛሬ ውጤቱን የልጇ ልጅ ከፈተላት።

«ስሚ» አለችኝ፣ «ያቺ ጃንጥላሽ እኔ ጋ ምን ትሠራለች?»

«እንዴት አንቺ ጋ?»

«እዚህ ናታ። አሥራ ሁለት በመቶ ይላል። አንቺ ነሽ ከላይ፣ እሷ ከሥርሽ። ከአባትሽ ጋር ደግሞ እኔ ምን አገናኝቶኝ?»

ወደ ፋርማሲስቱ ሄድኩ፣ መድኃኒት ቤቱን በምሳ ሰዓት አዘግቼ። የካርቶን ክዳን ገንጥሎ ይሥል ጀመር። እዚህ አባዬ፣ እዚህ እማዬ። ጃንጥላ ከአባዬ ወገንም ትዛመዳለች፣ ከእማዬ ወገንም። አባዬ ከሌላ የወለዳት ብትሆን ለአክስቴ ባዳ ነበረች።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ከእማዬ ወገን ማንም አልወጣም?»

«ከእናትሽ ወገን ማን ተመርምሮ ነበር?»

ማንም። አንድም ሰው። የሌሉ ሰዎችን ዝምታ ቆጥሬ ነው በአባቴ ላይ የመሰከርኩት።

«ስድስቱም ለዚህ ነው» አለ። «የአጎቴ ልጅ አይደለችም፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት። አንድ ትውልድ ትርቀኛለች፣ ግማሽ። ያን ዕለት ነግሬሽ…» አቋረጠ። እኔ ያን ዕለት ደም በሚዛን አይታደልም ብዬ የፈላሰፍኩት ሁለታችንም ትዝ አለን።

«ፈረድን በለኛ» አልኩት።

«ፈረድሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። አዝኖልኛል፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

እነ እማዬ የወለዱት ሁለት ልጅ ነው። እኔ አልወለድኩም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ዳኛው ቢሮ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። አላነበበውም። ማንበብ አላስፈለገውም።

«ሃያ ዓመቴ ነበር» አለ።

«አባዬስ?»

«እርጉዝ መሆኗን ለእሱ ነው የነገርኩት። እማዬ ሆስፒታል ነበረች፣ ይሄን ብትሰማ ትሞታለች አለኝ። አንተ ተማር፣ እኔ አለሁ፣ ዝም በል አለኝ።»

«ያን እሑድስ? ይቅርታ ጠይቃት ስትለው?»

«ዝም በል ብሎኛል። ዝም አልኩ።»

«አንተ ዝም ነው ያልከው? ፈረድክበት እንጂ። እጅህን ዘርግተህ።»

ስቴፕለሩን ያዘ። «አንቺ መጽሔት ላይ አውጥተሽዋል» አለ። «እኔ ቢያንስ ሳሎን ውስጥ ነው።»

ግድግዳው ላይ የልጆቹ ፎቶ። አምስቱም፣ በቁመት ተሰልፈው። ከሁሉም ትልቋ እዚያ የለችም።

መምታት አማረኝ። አልመታሁም። እውነቱን ነው የተናገረው፣ ውሻ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ። አክስቴ ደውላ ይህንን ብቻ ተናግራ ዘጋችው።


እሑድ፣ ግንቦት 4

እማዬን ራሱ ነገራት። ይንገራት ብዬ ያዝኩት፣ እምቢ ካልክ እኔ አለሁ ብዬ። እኔ ጋ መጥቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ፣ ከራቫቱ ሳይወልቅ አለቀሰ።

እጄን አጣጥፌ ቆሜአለሁ። አሁን ይመጣለታል እያልኩ…

ራሱን ዳበሰችው። «ልጅ ነበርክ» አለችው። «በልጅነት የማይሠራ የለም።»

በቃ። አለቀ። ለእሱ ይህችው ነበረች።

«እንግዲያው ወደ ቤትሽ ልመልስሽ» አልኳት፣ ሻንጣዋን ልጎትት ተነስቼ። «አባዬ ንጹሕ ነው።»

«የምን ንጹሕ?» ፊቷ እንዲህ ሲጠቁር አላየሁም። «ከሌላ ቢወልድ ኖሮ ወንድ ነው ብዬ እተወው ነበር። ሰሞኑን እኮ ልመለስ ነበር። ልብሴን ማጠፌን አላየሽም? አሁን ግን… የልጅ ልጄ መሆኗን እያወቀ! ጫማ እየገዛላት፣ ልኳን እያወቀ፣ ማታ አጠገቤ እየተኛ። እኔ ለሞተችዋ ሳለቅስ ያለችውን ደብቆኝ። ይህን ሁሉ ዘመን።»

«ላንቺ ብሎ ነው እኮ።»

«ማን ጠየቀው?»

አሁንም ማንም ማንንም ሳይጠይቅ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው በመኪናው ወሰዳት። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ለእሷ ክፍል አለው፣ ሚስቱ መጋረጃ ቀይራለች። ሻንጣውን እሱ ተሸከመ። ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው። ጎረቤቴ በመስኮት አይታ «ታድላችሁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ» አለችኝ።


ዓርብ፣ ግንቦት 9

አለቃዬን ማስተካከያ እናውጣ አልኩት። ሰውዬው አልበደለም፣ ተሳስቼ ነው ብዬ በገጼ ላይ።

«ማስተካከያ ማን ያነባል? ይልቅ ሁለተኛውን ክፍል ጻፊው። ወንድምየው ነበር! አባትየው ተሸክሞለት! ይሄ ከፊተኛው ይበልጣል።»

አሳመመኝ። ያሳመመኝ ደግሞ ምንድን ነው፣ መብለጡ እውነት መሆኑ ነው። መስመሩ ሁሉ መጥቶልኛል። ካልሲ የሚተኩሰው ልጅ… ስቴፕለሩ… እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ መጣልኝ።

ሦስት መስመር ማስተካከያ ጽፌ አስገባሁ። ከሆሮስኮፑ ሥር፣ በጉንዳን ፊደል አወጣው። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ ጠየቅሁት። አላየውም።

ለራሴ ገጽ ስለ ቤት ውስጥ አበቦች ጻፍኩ። ውሃ ሲበዛባቸው ይበሰብሳሉ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ጃንጥላ ደወለች። ሁሉንም አስቀድሜ ነግሬአት ነበር፤ እህትሽ አይደለሁም፣ አክስትሽ ነኝ ብዬ። ያን ዕለት ብዙ አላለችም። ዳኛው «በሥራ ተወጥሬ ነው፣ እንገናኛለን» የሚል መልእክት ልኮላት ኖሯል። «የእግሬን ልክ የማያውቅ አባት ምን ያደርግልኛል» አለችኝ።

ዛሬ ድምፅዋ ሌላ ነው። «ሹፌሩን ጠየቅኩት» አለች።

«ሄድሽ? አስገባሽ?»

«እየጠበቀኝ የነበረ ነው የሚመስለው። ‹ዘገየሽ› አለኝ። ስለ እናቴ ነገረኝ፣ ያን ቀን በመኪናው ሲወስዳት መንገድ ላይ ምን እንዳለችው። እኔ ስወለድ ደጅ ላይ እንደነበር። ሁሉንም ነገረኝ።»

«ምን አለች? እናትሽ ምን አለችው?»

ከኋላዋ የመሞረጃው ድምፅ ይሰማል።

«አትቀየሚኝ» አለች። «ላንቺ እንዳልነግር አስምሎኛል።»


እሑድ፣ ሰኔ 9

ዝናብ። ዳኛው ቤት የምሳ ግብዣ ነበር፣ እማዬ ራስጌ ተቀምጣ። አልሄድኩም። ያን ድስት ለማምጣት ብዬ አባዬ ጋ ሄድኩ። ድስት ምክንያት ነው… ለራሴ ልዋሽ?

በሩ ላይ ሰማያዊው ጃንጥላ ተዘርግቶ ውሃው ይንጠባጠባል። ከውስጥ የአባዬ ድምፅ። ያወራል። አባዬ! በሕይወቱ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ እኛ ቤት የሚያወራው እኔ ነበርኩ፣ እሱ የሚሰማ። ስለ አንድ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን እምቢ ስላለው ሌሊት፣ ከጎኑ ስለተቀመጠች አንዲት ፍየል። እሷ ትስቃለች። ሳቋ የእማዬ ነው፣ አሁን ይሰማኛል። ጆሮዋም የእማዬ ነበር። አይቼው ነበር እኮ።

ቆምኩ። ሳልገባ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይኸው ልማዴ አይደል፣ በር ላይ ቆሞ መስማት… አንኳኳሁ።

ፍየሏ መሐል መንገድ ላይ ቀረች።

ጃንጥላ ከፈተችልኝ። «እትዬ» ብላ ሳመችኝ፣ ወንበርም ሳበችልኝ፣ ጨዋ ልጅ ናት። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ። ሽርጡን እሷ ለብሳዋለች። አባዬ አዲስ መነጽር አድርጓል፣ እሷ ሞርዳ የሠራችለት። በደንብ ያየኛል አሁን። አየኝ።

«አባዬ፣ አጠፋሁ» አልኩት። «ይቅር በለኝ። ልጠይቅህ ይገባ ነበር። አሁን ልጠይቅህ።»

ድስቴን ራሱ ተነስቶ አመጣልኝ። ታጥቧል፣ ክዳኑ በጨርቅ ታስሯል፣ መንገድ ላይ እንዳይንኳኳ፤ ዕቃ አስተሳሰር የሚያውቅ ሰው ነው።

እንደገና ተቀመጠ። ሦስታችንም ዝም አልን። ድሮ ሬዲዮ ተከፈተ፣ ዝም በሉ ሲል እኔ እንዳወራ ነበር። ዛሬ ዝም በሉ ያለ የለም፤ ዝም ተባለ።

አባዬ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዝናቡ በረታ» አለ።

«በረታ» አለች የልጅ ልጁ።

«በረታ» አልኩ እኔም።

ድስቴን ይዤ ወጣሁ። ደጃፉን ጥቂት አልፌ ቆምኩ፣ ጫማዬን የማስር መስዬ። ከውስጥ ሳቋ ተሰማ። ፍየሏ ቀጠለች።